በስህተት ገባ ተብሎ መልሱ ለሚባለው ብር ምን ይደረግ? የሀዋሳ ነጋዴዎች ውይይት

ጥያቄውን ያነሣው ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። በሱቁ ስልክ 4,800 ብር መግባቱን የሚገልጽ መልእክት ይመጣል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ሰው ይደውልና ለእኅቱ ማሳከሚያ የላከው ገንዘብ በአንድ ቁጥር ስህተት ወደዚህ ስልክ እንደገባበት፣ እኅቱም ሐኪም ቤት ደጅ ላይ እንደቆመች እየነገረ ቶሎ እንዲመለስለት ይማጸናል። ነጋዴው የጠየቀው ሁለት ነገር ነው። እውነተኛውን መልእክት ከሐሰተኛው በምን እንለያለን? ደግሞስ ሱቅ ውስጥ የምትውለው ልጅ እሱን ሳትጠብቅ በራሷ ልትፈጽመው የምትችለው አንድ ቁርጥ ያለ ሥርዓት ምን ቢሆን ይሻላል? ከጥያቄው ሥር በጽሑፍ የመጡትን መልሶች እንደ ቅደም ተከተላቸው አስቀምጫለሁ። የረዘመው ላይ ረዘም፣ ያጠረው ላይ አጠር ብዬ ነው።

መልስ 1። በሰላምታ የጀመረችው ፒያሳ የሞባይል መለዋወጫ የምትሸጥ ሴት ናት። ነጋዴውን ወንድሜ ብላ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የላኪውን ስም ማየት እንደሚገባ አስረዳች። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው 127 ከሚለው ነው፤ የንግድ ባንክ መልእክት ደግሞ ሲቢኢ በሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይመጣል። መልእክቱ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ባለ 10 አኃዝ ቁጥር ከመጣ ሐሰተኛ ለመሆኑ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም፤ ቴሌም ሆነ ባንክ ገንዘብ ገባ ብሎ ከግለሰብ ቁጥር አይጽፍም። እውነተኛው ከዚህ ቀደም ከመጡት መልእክቶች ሥር ተከትሎ ይቀመጣል፤ ሐሰተኛው ግን ብቻውን አዲስ ገጽ ይከፍታል።

መልስ 2። ሒሳብ መያዝ ሥራው የሆነ ሰው ነው። በመጀመሪያው መልስ ተስማምቶ መደመር የሚችል ሁሉ የሚጠቀምበት መፈተኛ ጨመረበት። እውነተኛው መልእክት ከገባው ገንዘብ ቀጥሎ ቀሪ ሒሳብን ይጠቅሳል። አጭበርባሪው ግን በሱቁ ሒሳብ ውስጥ ስንት እንደነበረ አያውቅም፤ ስለዚህ ወይ ቀሪውን ሳይጽፍ ያልፋል፣ ወይ ከራሱ ፈጥሮ ይጽፋል። ያለፈው መልእክት ቀሪው 12,350 ብር ነው ካለ፣ 4,800 ሲጨመርበት 17,150 መሆን አለበት። አዲሱ መልእክት 9,211 ወይም 23,000 የሚል ከሆነ ድምሩ ራሱ ያጋልጠዋል። ለሱቅ ልጅ ከዚህ የቀለለ ፈተና ያለ አይመስለኝም።

መልስ 3። የኔትወርክ ባለሙያ የሆነው ሰው ግን በጨዋ ቃል፣ ሆኖም ጠንከር አድርጎ፣ መልስ 1ን አረመ። የላኪ ስም ላኪው ራሱ የሚሞላው ጽሑፍ ነው። ከውጭ አገር በጅምላ መልእክት የሚልኩ አንዳንድ አገልግሎቶች የተጻፈላቸውን ስም ሳያጣሩ ያሳልፋሉ። ስልኩ መልእክቶችን የሚደረድረው በስም ብቻ ስለሆነ ሐሰተኛውም ከእውነተኛዎቹ ሥር ገብቶ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ስሙ ከሌለ ሐሰት ነው ማለት ይቻላል፤ ስሙ ስላለ ግን እውነት ነው ማለት አይቻልም። የመጨረሻው ዳኛ ሒሳቡ ነው፦ የቴሌብርን መተግበሪያ ከፍቶ ወይም *127# በራስ እጅ ደውሎ፣ ለንግድ ባንክ ደግሞ *889# ብሎ ቀሪን ማየት። በመልእክቱ ውስጥ ባለው ሊንክ ገብቶ ማየት እንደ ማጣራት እንደማይቆጠርም አክሏል። የመጀመሪያዋ መላሽም ወዲያው አመሰገነችው።

መልስ 4። እኔ ከሁሉ የሚበልጥ ያልሁት ይህን ነው። የጻፈው ባንክ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሲሆን፣ እስካሁን የተነጋገራችሁት ገንዘቡ ያልገባ እንደሆነ ነው፤ በእርግጥ ገብቶ ቢገኝስ ብሎ ጠየቀ። አጭበርባሪው ከሌላ ተታላይ ሒሳብ 4,800 ብሩን በቀጥታ ወደ ሱቁ ያስልክና፣ መልሱልኝ ሲል ግን ሦስተኛ ቁጥር ይሰጣል። ነጋዴው አዝኖ ወደ ሦስተኛው ቁጥር ቢልክ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል። ዋናው ባለ ገንዘብ ሲያመለክት ደግሞ በመዝገብ ላይ የሚገኘው ተቀባይ ነጋዴው ነው። ስለዚህ እውነተኛም ሆነ ሐሰተኛ፣ በደዋይ ቃል ብቻ ወደ የትም አይላክም። መልሱ አንድ ነው፦ እርስዎ በላኩበት በኩል፣ በቴሌብር ከሆነ 127 ደውለው፣ በባንክ ከሆነ ባንክዎ ሄደው ያመልክቱ፤ እነሱ ሲጠይቁኝ እፈቅዳለሁ። እንዲህ ሲሆን ገንዘቡ ወደ ወጣበት ሒሳብ ይመለሳል። በእርግጥ የተሳሳተ ሰው በዚህ አይጎዳም፤ አጭበርባሪው ግን ስልኩን ይዘጋል።

መልስ 5። የውይይቱ መልክ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው የሚታለሉት ስግብግቦች ናቸው፣ ያልለፉበትን የሚመኙ ናቸው ብሎ በአጭሩ ጽፎ ወጣ።

መልስ 6። መልሱ ስለታም ነበር፤ መሆንም ነበረበት። ጸሐፊዋ መልስ 4ን ደግመህ አንብብ አለችው። በስህተት የገባ የተባለውን የሚመልስ ሰው የሰው ሐቅ በእጄ አይቅር ያለ ሰው ነው። አጭበርባሪው የሚይዘው በምኞት ሳይሆን በይሉኝታና በችኮላ ነው፤ የታመመች እኅት የምትጠቀሰውም፣ ባትሪዬ ሊያልቅ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። ተታላይን መሳደብ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው አለች። የተታለለው ሰው አፍሮ ዝም ሲል ገንዘቡ ሊያዝ የሚችልበት የመጀመሪያው ሰዓት ያልፋል፤ ጎረቤቱም ሳይጠነቀቅ ይቀራል። ከዚህ በኋላ መልስ 5ን የደገፈ አልነበረም።

መልስ 7። ወደ ሁለተኛው ጥያቄ የመለሰው የሕንፃ መሣሪያ ጅምላ ሻጭ ነው፤ ነጋዴውንም ጋሼ እያለ ነበር የሚጽፍለት። ሱቆችን የሚያከስረው ከመልእክቱ ይልቅ ስክሪንሹት ነው ብሎ ያምናል። ገዢው ከፈልሁ ብሎ የስልኩን መስታወት ያሳያል፤ ያ ምስል የቆየ ደረሰኝ ተነካክቶ፣ ወይም ደረሰኝ አስመስሎ በሚሠራ መተግበሪያ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሥርዓቱ እንዲህ ይሁን አለ። የሱቁ ስልክ ከልጅቷ እጅ አይለይም። ገዢው ሲልክ በሱቁ ስልክ የግብይት ዝርዝር ውስጥ የከፋዩ ስም፣ መጠኑና ሰዓቱ እስኪታዩ ዕቃው ባንኮኒው ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ከባንኮኒው ግን አይወጣም። ኔትወርክ በተኛ ሰዓት በጥሬ ብር ብቻ ይሸጣል፤ ምክንያቱም ተንኮለኛው የሚመጣው መልእክት እንደሚዘገይ በሚታወቅበት ሰዓት፣ ሱቅ በሚጨናነቅበት አመሻሽ ላይ ነው።

ቀጥሎ የንግድ ባንክን የደረሰኝ ቁጥር አነሣ። ቁጥሩ ኤፍቲ በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጀምርና አምስት አኃዞች ይከተሉታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የፈረንጆቹ ዓመት ሲሆኑ፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የተቆጠረው ቀን ናቸው። 25135 የሚል ካለ ክፍያው የተፈጸመው በ2025 በ135ኛው ቀን፣ ማለትም ሜይ 15፣ በእኛ ግንቦት 7 ቀን 2017 ነው። ምስሉን የነካካው ሰው ቀኑንና መጠኑን ሲለውጥ ይህን ቁጥር አያስተውለውም። ደረሰኙ የዛሬ ነው እየተባለ ቁጥሩ የከረመ ቀን ከያዘ ነገሩ አለቀ።

መልስ 8። የባንክ ሠራተኛው ተመልሶ መልስ 7ን በከፊል አስተካከለ። ቁጥሩ የሚከተለው የባንኩን የሥራ ቀን ስለሆነ በእሑድ፣ በበዓልና በሌሊት ከቀን መቁጠሪያው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊዛነፍ ይችላል፤ በዚህ ብቻ ደንበኛን ሌባ ማለት አይገባም። ለጥርጣሬ ይበቃል፤ ለፍርድ ግን ሒሳቡን ማየት ያስፈልጋል።

መልስ 9። በኪውአር ኮድ የሚከፈልባቸው ሱቆች ጠዋት ሲከፍቱ የተለጠፈውን ወረቀት በእጃቸው እንዲዳስሱት የመከረ ሰው ነበር። በላዩ ሌላ ስቲከር ከተለጠፈ ቀኑን ሙሉ የገባው ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ከፋዩም ከማረጋገጡ በፊት የሚታየውን የተቀባይ ስም ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሻጩ ስሜ ነው ካላለ ይቁም። ይኸው ሰው የባጃጅ ሹፌሮችንም አነሣ። መንገድ ዳር ቆሞ መልእክት መጠበቅ ስለማይመቻቸው ተሳፋሪው ከመውረዱ በፊት፣ ባጃጁ ገና እየሄደ ሳለ እንዲከፍል መጠየቅ ይሻላቸዋል አለ።

መልስ 10፣ 11 እና 12። እዚህ ወሬው መንገድ ሳተ። አንዱ ታዲያ ለምን ወደ ጥሬ ብር አንመለስም አለ፤ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡትንም እንደ ምሳሌ አቀረበ፤ እጃቸው እርጥብ ሆኖ ስልክ መነካካት አይችሉም በማለት። ሌላው በመስከረም 2013 የወጣው ባለ 200 ብር ኖትም ሐሰተኛ አይጠፋውም፣ ብርሃን ላይ አንሥቶ የማያይ ሻጭ በጥሬ ብርም ይታለላል ብሎ መለሰለት። ሦስተኛው የአንድ አካባቢ ሰዎችን በስም ጠርቶ አጭበርባሪዎቹ እነሱ ናቸው አለ። አስተባባሪው ይህን መልስ አጥፍቶ ምክንያቱን ጻፈ፤ ለሁላችንም የሚጠቅም ምክንያት ነው። አጭበርባሪ በራሱ ስም በወጣ ሲም አይደውልም። በሌላ ሰው መታወቂያ የወጣ፣ ከሰው የተገዛ ወይም የተሰረቀ ሲም ነው የሚይዘው። ስለዚህ የቁጥሩ ባለቤት ስምም ሆነ የደዋዩ አነጋገር ማንነቱን አይነግርም።

መልስ 13። ወደ ነገሩ የመለሰችን የቴሌብር ወኪል ሆና የምትሠራ ሴት ናት። ከመልእክቱ ይልቅ እሷን የሚያሳስባት ከድርጅቱ ነኝ የሚለው ደዋይ ነው። አደዋወሉ የሠለጠነ ነው፤ ስም ጠርቶ፣ እርስዎ እያለ፣ ሒሳቡ ከፋይዳ ጋር ስላልተያያዘ ማታ ይዘጋል ይላል። ደዋዩ በዚያው ቅጽበት በራሱ ስልክ ቴሌብርን በተጠቂው ቁጥር እየከፈተ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው በመልእክት የሚመጣው ማረጋገጫ ኮድና ባለ 6 አኃዙ የሚስጥር ቁጥር ነው። ኮዱን ለማጣሪያ ያንብቡልኝ ይላል፤ የሚስጥር ቁጥሩን ደግሞ በስልኩ ቁልፍ እንዲነኩ ይጠይቃል፣ ወይም የልደት ቀን በመጠየቅ ለመገመት ይሞክራል። ብዙዎች የልደት ቀናቸውን የሚስጥር ቁጥር ማድረጋቸው የዚህ በር ነው። ከገባ በኋላ ያለውን ገንዘብ ወስዶ አይበቃውም፤ መላና እንደኪሴ የተባሉት የብድር አገልግሎቶች ክፍት ከሆኑ በተጠቂው ስም ተበድሮ ይሄዳል። በሒሳቤ ብር የለም፣ ምን ይወስዱብኛል የሚል ሰው ይህን ልብ ይበል አለች።

እግረ መንገዷንም ስለ ሽልማት ደዋዮች ነገረች። ዕጣ ወጥቶልዎታል፣ ለማግበር ይህን ይደውሉ ብለው የሚያስነኩት ቁጥር በ*806* የሚጀምር ከሆነ እሱ የአየር ሰዓትን ከራስ ስልክ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፊያ ነው። ካርድ መሙያው *805* ነው። ሰው በጥድፊያ የሁለቱን ልዩነት አያስተውልም፤ ደዋዩም የሚያስነካው ቁጥር በቁጥር እየነገረ ስለሆነ ሙሉውን አይቶ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም።

መልስ 14። ቴሌግራምን የሚመለከተው መልስ ረጅም ነበር፤ ባያጥርም ይሻላል። የሚያውቁት ሰው ይጽፋል፤ ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ በዚህ ሊንክ ገብታችሁ ድምፅ ስጡ ይላል። ሊንኩ የቴሌግራምን መግቢያ የመሰለ ገጽ ያመጣና ስልክ ቁጥር፣ ከዚያም ባለ 5 አኃዝ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱ የመጣው ከራሱ ከቴሌግራም የአገልግሎት ገጽ ነው፤ እውነተኛ ነው። ሐሰተኛው ኮዱ የሚጻፍበት ቦታ ነው። ኮዱ እንደተጻፈ አካውንቱ በሌላ ስልክ ይከፈታል። ከዚያ ዘመድ ሁሉ አስቸኳይ 10,000 ብር አበድረኝ፣ ነገ ጠዋት እመልሳለሁ የሚል ይደርሰዋል። አጭበርባሪው የቆዩ ወሬዎችን ስለሚያነብ በጋሼና በእትዬ፣ ሰውየው እንደሚጠራቸው እየጠራ ነው የሚጽፈው።

መከላከያው በሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ በሚለው ሥር ያለው ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ነው። የራስ የይለፍ ቃል ይወጣለታል፤ ኮዱ ቢሰረቅ እንኳ ያለ ይለፍ ቃሉ አይከፈትም። ይለፍ ቃሉን መልሶ ለማግኘት የሚያገለግል ኢሜይልም ማስገባት ያስፈልጋል፤ ይለፍ ቃሉ ቢረሳና ኢሜይል ባይኖር አካውንቱን ከባዶ ለመጀመር 7 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። አንዴ ለተነጠቀ ሰው ደግሞ ጊዜ አለው፤ አዲስ የገባ ስልክ የቆዩትን ስልኮች ማስወጣት የሚችለው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። በዚህ መካከል ባለቤቱ ሴቲንግ ገብቶ ዲቫይስስ የሚለውን ከፍቶ ሌሎቹን በሙሉ የሚያስወጣውን ቀዩን መስመር ከነካ አካውንቱን ያተርፋል። ብዙ ሰው ግን ደንግጦ መተግበሪያውን ያጠፋዋል፤ ያኔ በእጁ የነበረውን ብቸኛ ቁልፍ ይጥላል።

መልስ 15። ኮድ በመልእክት ብቻ ሳይሆን በድምፅ ጥሪም እንደሚመጣ አንድ ወጣት አስታወሰ። አጭበርባሪው ኔትወርክዎን ላስተካክል ብሎ *21* ካለ በኋላ የራሱን ቁጥርና # ያስደውላል። ከዚያ ወዲህ ወደ ተጠቂው የሚደወለው ሁሉ ወደ አጭበርባሪው ይዞራል፤ ኮዱን የሚያነብ አውቶማቲክ ጥሪም ጭምር። ለማየት *#21#፣ ለመሰረዝ ##21#፣ ሁሉንም ዓይነት ማዞሪያ በአንድ ጊዜ ለመሰረዝ ##002# ይበቃል። እግረ መንገዱን ግን *#21# ስልክ መጠለፉን ያሳያል ብሎ ጻፈ።

መልስ 16። የኔትወርክ ባለሙያው ይህን የመጨረሻውን ሳያልፈው አረመ፤ ቃሉም ከመጀመሪያው ጠነከረ። *#21# የሚያሳየው ሁሉም ጥሪ መዞሩንና አለመዞሩን ብቻ ነው። ስልክ ውስጥ ሰላይ መተግበሪያ ካለ በዚህ አይታይም፤ ባዶ ሲመጣ ተጠብቄአለሁ ብሎ መቀመጥ አደጋ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ወይም ሲያዝ ወደ ድምፅ መልእክት የሚያዞር ቁጥር መታየቱም በራሱ ችግር አይደለም። አደገኛው የማይታወቅ የግለሰብ ቁጥር ነው። በቴሌግራም የሚላኩ ኤፒኬ ፋይሎችን፣ ማለትም ከመተግበሪያ መደብር ውጭ የሚጫኑ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን፣ ግን ለብቻቸው አነሣ። የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ወይም የባንክ ማሻሻያ ተብለው ይመጣሉ፤ ሲጫኑ አክሰሰቢሊቲ የሚባለውን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ይህ ፈቃድ መስታወቱን የማንበብና በባለቤቱ ፈንታ የመንካት ሥልጣን ስለሚሰጥ የባንክ መተግበሪያ ተከፍቶ ገንዘብ ሊላክ ይችላል። የጫነ ሰው መጀመሪያ ዳታና ዋይፋይ ያጥፋ፤ ከዚያ በሴቲንግ ፈቃዱን ነጥቆ መተግበሪያውን ያውጣ፤ የባንክ የሚስጥር ቁጥሩን በሌላ ስልክ ይለውጥ።

መልስ 17። አንድ ጊዜ ጠርተው ስለሚዘጉ የውጭ አገር ቁጥሮች ተጠየቀ፤ ማንሣቱ ብቻ ካርድ ይበላል የሚል ወሬም ተነሣ። ወዲያው ታረመ፤ እዚሁ አገር ያለ ሰው ጥሪ ሲቀበል አይከፍልም፤ የሚያስከፍለው መልሶ መደወሉ ነው። ደዋዮቹ የሚያተርፉት ከዚያ ውድ ዓለም አቀፍ ጥሪ ከሚደርሳቸው ድርሻ ነው። በዚህ በእኛ አካባቢ ግን ከ251 ውጭ የሆነን ሁሉ ዝጉ ማለት አይቻልም፤ ከደቡብ አፍሪካ በ27፣ ከሳዑዲ በ966፣ ከኤምሬትስ በ971 የሚደውል ልጅ ያለው ቤት ብዙ ነው። የማያውቁት አገር ቁጥር ከሆነ መልሶ አለመደወል፣ ዘመድ ከሆነ ደግሞ ራሱ እንዲደውል መተው ይበቃል።

መልስ 18። ስለ ኢሜይል የጻፈው ከሲዳማ ቡና እየገዛ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ውስጥ የሰነድ ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። ነገሩ ለትንሽ ሱቅ ሩቅ ይመስላል እንጂ ከቻይና መለዋወጫ የሚያስመጣ ሁሉ ይመለከተዋል። አጭበርባሪው ከሁለቱ ወገኖች የአንዱን የኢሜይል ሳጥን ይከፍታል፤ ለሳምንታት ዝም ብሎ ያነባል። ሳጥኑ ውስጥ ክፍያ፣ ኢንቮይስ፣ ባንክ የሚሉ ቃላት ያሉባቸውን መልእክቶች ወደ ራሱ የሚያስተላልፍ ሕግ ይተክላል፤ ይለፍ ቃል ቢለወጥም ሕጉ አይጠፋም። የክፍያው ቀን ሲደርስ፣ ባንካችን ኦዲት ላይ ስለሆነ በዚህ አዲስ ሒሳብ ክፈሉ የሚል ደብዳቤ ከነማኅተሙ ይልካል። አድራሻው በአንድ ፊደል ብቻ ይለያል። የእንግሊዝኛዎቹ አር እና ኤን ሲጠጋጉ ኤምን ይመስላሉ፤ በትንሽ የስልክ መስታወት ላይ ዓይን አይለያቸውም። አንዳንዴም የላኪው አድራሻ ትክክል ሆኖ መልሱ የሚሄድበት አድራሻ የተለየ ነው።

ገዢው ወደ አዲሱ ሒሳብ ከከፈለ ላኪው ድርብ ችግር ይገጥመዋል፤ ቡናው ሄዷል፣ የውጭ ምንዛሪው ግን አልገባም፤ ለባንኩ ምንዛሪውን የማስገባት ግዴታ ደግሞ በስሙ እንደተመዘገበ ነው። በሌተር ኦፍ ክሬዲት፣ ማለትም ባንክ ሰነድ አይቶ ለመክፈል በሚገባው ዋስትና፣ የሚሠራ ግብይት በዚህ በኩል ይጠነክራል፣ ለውጥ ሁሉ በባንኮቹ በኩል በማሻሻያ መምጣት ስላለበት። በቲቲ፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ በሚላክ ገንዘብ፣ የሚፈጸም የቅድሚያ ክፍያ ግን ለዚህ ማታለል ክፍት ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ፣ የባንክ ሒሳብ ለውጥ በኢሜይል ብቻ ተቀባይነት የለውም የሚል አንቀጽ ይግባ። ለውጥ ሲመጣ በኢሜይሉ ግርጌ ባለው ስልክ ሳይሆን በቀድሞው ውል ላይ ባለው ቁጥር ተደውሎ፣ ከሚያውቁት ሰው አንደበት ይረጋገጥ።

መልስ 19። አንድ ሰው ተቆጥቶ፣ ጥያቄው የ4,800 ብር ነው፣ የኮንቴይነር ወሬ ምን አመጣው አለ። ቡና ላኪው ሳይቆጣ መለሰለት፤ ዘዴው አንድ ነው፣ የሚለየው መጠኑ ብቻ ነው ብሎ። እኔም እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ። መልስ 3፣ መልስ 4ና መልስ 18 የተለያዩ ቢመስሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ማጣሪያው ደዋዩ ወይም ጸሐፊው ባቀረበው ቁጥር፣ ሊንክና አድራሻ ሳይሆን እኛ ቀድሞ በምናውቀው በኩል ይሁን።

መልስ 20። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኢሜይሉን ነገር ቀጠሉት። በጂሜይል በኮምፒውተር ሦስቱን ነጥቦች ነክቶ ሾው ኦሪጅናል ሲባል ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚሉ ሦስት ማጣሪያዎች ይታያሉ። አንዱ ሦስቱም ካለፉ እመኑት አለ፤ ሌላዋ ደግሞ የለም፣ ማለፋቸው የሚያረጋግጠው መልእክቱ ከተጻፈው አድራሻ መውጣቱን ነው፤ በአንድ ፊደል የተለየው የአጭበርባሪው አድራሻም የራሱን ፈተና ያልፋል አለች። ትክክል ናት። ዲቪን በተመለከተም የአሜሪካ መንግሥት ዕጣ ደረሰህ የሚል ኢሜይል እንደማይልክ፣ አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ መጨረሻው ዶት ጎቭ በሆነው ገጽ እንደሚያይ፣ የቪዛው ክፍያ 330 ዶላርም ኤምባሲ ቀርቦ እንጂ በሐዋላ እንደማይከፈል ጻፈች። ሥራ አገኘህ ብሎ ለሕክምና ምርመራና ለመታወቂያ ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቅ ቀጣሪንም በዚሁ ሚዛን መዘነችው።

መልስ 21። ከላከ በኋላ የነቃ ሰው ምን ያድርግ? የባንክ ሠራተኛው ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ገንዘቡ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሁለት ሦስት ሒሳብ ተከፋፍሎ በወኪል በኩል ስለሚወጣ፣ መጀመሪያ ከደዋዩ ጋር መጨቃጨቅ ይቅር። ወዲያው 127፣ ለንግድ ባንክ 951 ተደውሎ የግብይቱ ቁጥር ይነገር፤ ሒሳቡ እንዲታገድ ይጠየቅ። ገንዘቡ የገባበት ባንክ ሌላ ከሆነ እዚያም ይደወል። ከዚያ የሚስጥር ቁጥር ይለወጥ። መልእክቱ፣ የጥሪ ዝርዝሩና ከደዋዩ ጋር የተጻጻፉት አይጥፉ፤ ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ ይነሡ። ባንክ ከሌላ ሰው ሒሳብ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወይም ያለ ሕግ ትእዛዝ ብር አያነሣም፤ ስለዚህ ለፖሊስ ማመልከቱ ለይስሙላ ሳይሆን ገንዘቡ የሚመለስበት መንገድ ነው። በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለልና የሌላ ሰውን ማንነት መጠቀም በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ስልክዎ ደግሞ አጠገብዎ ያለው ሰው ኔትወርክ እያለው በድንገት አገልግሎት የለም ካለ፣ ሲምዎ በሌላ ሰው ተተክቶ ሊሆን ስለሚችል በሌላ ስልክ 994 ይደውሉ፤ ነገ አይባልም።

መልስ 22። ጠያቂው ተመልሶ ሁሉንም አመሰገነ፤ ለልጅቷ የጻፈላትንም አስነበበ። ዕቃ የሚወጣው ብሩ በሱቁ ስልክ ዝርዝር ውስጥ ሲታይ ነው። ስክሪንሹት አይታይም። ተሳስቼ ላክሁ ለሚል 127 ይደውሉ ወይም ባንክዎ ይሂዱ ይባላል፤ ከሱቁ ምንም አይላክም። ኮድ ለማንም አይነበብም፤ ባለቤቱ ነኝ ብሎ ለሚደውልም ጭምር። ይህን የመጨረሻውን በማካተቱ ብዙዎች ወደዱለት፤ የአሠሪን ስም ጠርቶ ሠራተኛን ማዘዝ የተለመደ ዘዴ ነውና።

መልስ 23። የመጀመሪያዋ መላሽ አንድ ማስተካከያ አከለች። በሱቁ በር ላይ ለክፍያ የተለጠፈው ቁጥር የነጋዴው የግል ቁጥር ከሆነ፣ ያው ቁጥር የቴሌግራሙም የባንኩም መግቢያ ነውና መንገደኛ ሁሉ ግማሹን መረጃ ይዞ ይሄዳል። ለክፍያ ብቻ የሚሆን ሌላ ሲም በራሱ መታወቂያ አውጥቶ፣ ማታ ማታ የገባውን ወደ ዋናው ሒሳብ ያሸጋግር፤ በሱቁ ስልክ ላይ ከቀኑ ሽያጭ ያለፈ ብር አይደር። ነጋዴው ነገ ጠዋት ሲሙን እንደሚያወጣ ጻፈላት።